ኪቶን በአንድ ሌሊት አትለፏት

ከሜሪላንድ የጻፍሽልኝ እህቴ፣ ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው፦ «ከእናቴ ጋር ኢኳዶር ልንሄድ ነው። ዋናው ጉዟችን ጋላፓጎስ ደሴቶች ናቸው። የጉዞ ወኪሉ ኪቶ ላይ የያዘልን አንድ ሌሊት ብቻ ነው። ቀን እንጨምር ይሆን ስል አንድ ጓደኛዬ ‹ኪቶ ያለው የቅኝ ገዢዎች ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው፤ ታሪክ ካማራችሁ ፔሩ ሄዳችሁ ኩስኮን እዩ› አለኝ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ትወዳለች። ግን እሷም ‹ሰው አስገድደው ያሠሩትን ምኑን ብዬ አደንቀዋለሁ?› ትላለች። ምን ትመክረኛለህ?»

አጭሩ መልስ፦ ጨምሩ። ከተቻለ ሦስት ሙሉ ቀን ስጧት።

ረጅሙ መልስ የእናትሽን ጥያቄ ይከተላል። ከጓደኛሽ ይልቅ እሳቸው ናቸው ዋናውን ነገር የጠየቁት። እኔ የቅርስ ጥበቃ አርክቴክት ነኝ። ኪቶን ለሥራ ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ። እናትሽ ያነሱት ጥያቄ በመጀመሪያው ጉዞዬ ሳምንቱን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣም ነበር።

መጀመሪያ ከእኛ ጋር የሚያገናኛትን ልንገርሽ። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብን ሲከፍት መጀመሪያ ያስገባው 12 ቦታ ነበር። ጊዜው 1978 ነው፤ ዓመቶቹንም ቀኖቹንም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ናቸው፤ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ፓርክ። ሁለቱ የኢኳዶር ናቸው፤ ጋላፓጎስና የኪቶ አሮጌ ከተማ። በመዝገቡ ላይ ጋላፓጎስ ቁጥር 1 ነው፣ ኪቶ ቁጥር 2። ስለዚህ የእናንተ ጉዞ ሳታስቡት በዚያ መዝገብ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሚደረግ ጉዞ ነው። ላሊበላን የተሳለመ ሰው ኪቶ ሲገባ አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል። እዚህም ቅርሱ የጸሎት ቤት ነው። ቱሪስቱ ካሜራውን ሲያስተካክል አጠገቡ አንዲት አሮጊት ተንበርክካ ታለቅሳለች።

አሁን ወደ ታሪኩ። ከተማዋ የምትገኘው ፒቺንቻ የሚባል እሳተ ገሞራ ተራራ ሥር፣ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደብረ ብርሃንን አስቢ፤ ከፍታው ያው ነው። ጠዋት ብርድ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥል ፀሐይ፣ ከሰዓት ዝናብ። ዙሪያው ያሉ ኮረብታዎች ላይ ባሕር ዛፍ ታያላችሁ። ወደ ኢኳዶር የገባው በ1860ዎቹ በፕሬዚዳንት ጋርሲያ ሞሬኖ ዘመን ነው፤ ምኒልክ ለአዲስ አበባ ካስመጡት ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ መሆኑ ነው። ዝናብ ሲመታው የሚወጣው ሽታ እናትሽን በቀጥታ እንጦጦ ይወስዳቸዋል። እኔን ወስዶኛል።

ስፔኖች ሳይመጡ በፊት ኪቶ የአንዲስ ተራሮችን ይገዙ የነበሩት የኢንካዎች የሰሜን ማዕከል ነበረች። ንጉሥ ዋይና ካፓክ በዚህ አካባቢ ብዙ ዓመት ቆይቷል። ልጁን አታዋልፓን ስፔኖች በ1533 ፔሩ ውስጥ ገደሉት። ከዚያ ወደ ኪቶ ገሰገሱ። የአታዋልፓ የጦር አዛዥ ሩሚኛዊ ከተማዋን ለጠላት ላለማስረከብ አቃጠላት። ሴባስቲያን ዴ ቤናልካሳር የሚባለው ስፔናዊ ታኅሣሥ 6 ቀን 1534 ሲሰፍር የሰፈረው አመድ ላይ ነበር። አብረውት የተመዘገቡት ሰፋሪዎች ወደ 200 ገደማ ናቸው። ሩሚኛዊ ተይዞ ተሠቃይቶ ተገደለ።

ይህን ያነሳሁት ለጓደኛሽ መልስ ስለሚሆን ነው። ኩስኮ ትልቅ ከተማ ናት፤ አልክድም። እዚያ የኢንካው የድንጋይ ግንብ እስከ ዛሬ ከታች ቆሞ፣ የስፔኖቹ ቤት ከላይ ተጭኖበት ታያለሽ። ማን ከማን በላይ እንደተቀመጠ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። ኪቶ ላይ ግን እሳቱ ብዙ አላስተረፈም። የቀደመውን ሕዝብ በግድግዳ ላይ ብትፈልጊው አታገኚውም። መፈለግ ያለብሽ በእጅ ሥራው ውስጥ ነው። ለእናትሽም መልሴ ይኸው ነው። ያዘዘው ስፔን ነው። ድንጋዩን የፈለጠው፣ እንጨቱን የጠረበው፣ ወርቁን የለበጠው ግን በአብዛኛው የአገሬው ሰው ነው። ወደ ውስጥ ገብታችሁ የምታዩት የእሱን እጅ ነው።

አስገድደው አሠሩት ወይ? አዎ። እናትሽ አልተሳሳቱም። ሚታ የሚባል የግዴታ ሥራ ነበር። መንደሩ ተራ እየገባ ሰው ይልካል። ክፍያው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የኪቶ ሀብትም የመጣው ከወርቅ ማዕድን አይደለም፤ ከሱፍ ጨርቅ ነው። ኦብራሄ በሚባሉ የሽመና ቤቶች ውስጥ የአገሬው ሰው ተዘግቶበት ይሠራል፤ ጨርቁ እስከ ፖቶሲ የብር ማዕድን ከተማ ድረስ ይሸጣል። ያ ገንዘብ ነው ቤተ ክርስቲያኑን ያቆመው። ይህን ሳይናገር ስለ ውበቱ ብቻ የሚያወራ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

ግን ታሪኩ እዚያ ላይ አያበቃም። በመጀመሪያዎቹ መነኮሳት መካከል ዮዶኮ ሪኬ የሚባል ፍራንሲስካዊ ነበር። አገሩ ፍላንደርስ ነው፣ የዛሬዋ ቤልጅየም። ስንዴን ወደዚያ አገር ያስገባው እሱ ነው ይባላል። እሱና ጓደኞቹ በ1550ዎቹ ሳን አንድሬስ የሚባል ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ የአገሬውን ልጆች ንባብ፣ ዜማ፣ ሥዕል፣ ድንጋይ ጠረባና አናጺነት ማስተማር ጀመሩ። ዓላማቸው መስበክና ማጥመቅ ነበር። ከዚያ የወጣው ግን ከዓላማቸው ሰፋ። በሁለት መቶ ዓመት ውስጥ ኪቶ ከደቡብ አሜሪካ ታላላቅ የሥነ ጥበብ ማዕከሎች አንዷ ሆነች። የኪቶ ቅርጻ ቅርጽ በአህጉሩ ሁሉ እየተገዛ ይሄድ ነበር። ዛሬም የታሪክ ሰዎች «የኪቶ ትምህርት ቤት» ሲሉ ሕንፃ ማለታቸው አይደለም፤ ይህን የአሠራር ስልት ነው።

አሠራሩን ካላወቅሽ ሐውልቱን አይተሽ ታልፊዋለሽ። ስለዚህ ልዘርዝረው። መጀመሪያ እንጨቱ ይጠረባል፤ ብዙ ጊዜ ዝግባ መሰል እንጨት ነው። ስንጥቁ እንዳይታይ በነጭ ጄሶ ይለሰናል። ልብሱ በሚሆነው ቦታ ላይ ከወረቀት የሳሳ ወርቅ ወይም ብር ይለጠፋል። በወርቁ ላይ ቀለም ይቀባል። ከዚያ ሠዓሊው በሹል ነገር ቀለሙን በአበባ፣ በሐረግ፣ በነጥብ ቅርጽ እየፋቀ ሥር ያለውን ወርቅ ያወጣዋል። ከሩቅ ስታዪው የሐር ጥልፍ ይመስላል። ፊቱና እጁ ደግሞ የተለየ ነው። የሰው ቆዳ የሚመስል የዘይት ቀለም ይቀባና በእርጥብ የበግ ፊኛ ይታሻል፤ እንደ ሸክላ ሳህን እስኪያበራ ድረስ ይታሻል። ጉንጩ ላይ ያለው ቅላት ብርድ የመታው የደጋ ልጅ ጉንጭ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ አደባባዩ ላይ ከሚሮጡት ልጆች ጋር አስተያይቼ ነው የደረስኩበት።

ሁለት ስም ያዢ። አንዱ ማኑኤል ቺሊ ነው። ዓለም የሚያውቀው ካስፒካራ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ በአገሬው ሰው በኪችዋ ቋንቋ «እንጨት ቆዳ» እንደማለት ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው፤ የአገሬው ተወላጅ። ካቴድራሉ ውስጥ ጌታን ከመስቀል አውርደው ሲገንዙት የሚያሳይ ሥራ አለው። ቁሙና የሐዘንተኞቹን ፊት እዩ። ለቅሶ ቤት የዋለ ሰው የሠራው መሆኑ ያስታውቃል።

ሁለተኛው ቤርናርዶ ዴ ሌጋርዳ ነው። በ1734 አንዲት የእመቤታችን ሐውልት ሠራ፤ ሳን ፍራንሲስኮ ቤተ ክርስቲያን ዋናው መንበር ላይ ናት። ክንፍ አላት። እናትሽ ይገርማቸዋል፤ ግን ራእይ ዮሐንስ ምዕራፍ 12ን አስታውሻቸው። ፀሐይ ተጎናጽፋ፣ ጨረቃ ከእግሯ በታች ሆኖ፣ ዐሥራ ሁለት ከዋክብት ተቀዳጅታ የታየችው ሴት ናት፤ ሁለት የንስር ክንፍ የተሰጣት። ሌጋርዳ ቃሉን በቃሉ ቀረጸው። ግን አንድ ነገር ጨመረበት። ቆማ አይደለም የቀረጻት፤ ወገቧ ዘወር ብሎ፣ እጇ ወደ አንድ ወገን ከፍ ብሎ፣ እባቡን ረግጣ የምትጨፍር ትመስላለች። አሮጌው ከተማ ጫፍ ያለው ፓኔሲዮ ኮረብታ ላይ በሩቁ የምታዩት ግዙፍ ሐውልት የእሷ ቅጂ ነው። በ1970ዎቹ በ7,000 ገደማ የአሉሚኒየም ቁራጭ የተሠራ ነው። ትልቁን ካያችሁ አይቀር ትንሿን ሳታዩ እንዳትመጡ። ወደ ኮረብታው በእግር አትውጡ፤ ታክሲ ይዛችሁ ሂዱ፣ ታክሲውም ይጠብቃችሁ።

ሳን ፍራንሲስኮን ካነሳሁ ግቢው 3 ሄክታር ተኩል ያህላል። ሥራው የተጀመረው በ1530ዎቹ ነው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ወስዷል። ከአደባባዩ ወደ በሩ የሚያስገባው ደረጃ ክብ ነው፤ ግማሹ ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ግማሹ ወደ ውጭ የወጣ። እዚያ ደረጃ ላይ ተቀመጡ። ሰው የሚቀመጠው እዚያ ነው። ማማዎቹ አጠር ብለው ብታዩዋቸው በ1868ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ወድቀው ዝቅ ተደርገው የተሠሩ ስለሆኑ ነው።

ስለዚህ ደረጃና ስለ ድንጋይ ንጣፉ የማያልቅ አፈ ታሪክ አለ። ካንቱኛ የሚባል የአገሬው ሰው ነበር ይላሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ በድንጋይ ሊነጥፍ ተዋዋለ። ቀኑ ደረሰ፤ ሥራው አላለቀም። ሰይጣን መጥቶ «ነፍስህን ስጠኝ፣ እስኪነጋ እጨርስልሃለሁ» አለው። ካንቱኛ «አንዲት ድንጋይ ብትጎድል ግን ውላችን ፈረሰ» ብሎ ተስማማ። ሰይጣኖች ሌሊቱን ሙሉ ተሸከሙ፣ ፈለጡ፣ ነጠፉ። ሲነጋ አንድ ድንጋይ ጎደለ። ካንቱኛ ነፍሱን ይዞ ቤቱ ገባ። ልጆች ያቺን ጎዶሎ ቦታ እስከ ዛሬ ይፈልጓታል። እኔ ይህን ተረት የምወድበት ምክንያት አለኝ። በጉልበት የተሠራበት ሕዝብ ስለዚያ ሥራ የሚያወራው ታሪክ ይህ ነው። ታሪኩ ውስጥ ብልሁ እሱ ነው፤ ያሸነፈውም እሱ ነው።

ከሳን ፍራንሲስኮ ጥቂት እርምጃ ወረድ ብሎ ላ ኮምፓኒያ አለ፤ ኢየሱሳውያን የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር ቤተ ክርስቲያን። እነዚህን ሰዎች እኛም እናውቃቸዋለን። ከእነሱ አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1603 ነው። አፄ ሱስንዮስን ወደ ካቶሊክ ሃይማኖት ያመጡት እነሱ ናቸው። በ1630ዎቹ ያባረሯቸው አፄ ፋሲል ናቸው። የኪቶውን ቤተ ክርስቲያን የጀመሩት በ1605 ነው። ማለትም አንዱ ማኅበር በአንድ ዘመን ጣና ዳርም አንዲስ ተራራም ላይ ይገነባ ነበር። እኛ ዘንድ ፍርስራሹ ቀረ። እዚያ ግን 160 ዓመት ሙሉ ሲገነቡ ኖረው በ1765 ጨረሱ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1767፣ የስፔን ንጉሥ ራሱ ከግዛቱ ሁሉ አባረራቸው። ቤታቸውን ጨርሰው ሳይጠግቡት ሄዱ።

የፊት ለፊቱ ገጽ ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። የተጠማዘዙት ዓምዶች እንደ ገመድ የተጎነጎኑ ናቸው። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ከወለሉ ከፍታ እስከ ጣሪያው ወርቅ ነው፤ የተቀረጸው እንጨትና ልስን ሁሉ ወርቅ ለብሷል። ጣሪያው ላይ ያለው የተጠላለፈ የሐረግና የኮከብ ቅርጽ የእስልምና ጥበብ ነው፤ ሙሮች የሚባሉት ሙስሊሞች ስፔን ውስጥ ትተውት የሄዱት። እውነቱን ልንገርሽ፣ መጀመሪያ ስገባ ከበደኝ። ብዙ ሆነብኝ። ሁለተኛ ቀን ተመልሼ አንዱን ግድግዳ ብቻ መርጬ ግማሽ ሰዓት አየሁት። እናንተም እንዲያ አድርጉ። ሁሉንም ለማየት ስትሞክሪ ምንም አታዪም። በበሩ አቅራቢያ የሲኦልን ሥቃይ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል አለ፤ እያንዳንዱ ኃጢአት ከነቅጣቱ በስሙ ተጽፎበታል። በየደብራችን ግድግዳ ላይ ካለው የሲኦል ሥዕል ጋር እናትሽ ማወዳደራቸው አይቀርም።

እዚያው ቤተ ክርስቲያን ዋናው መንበር ሥር የማሪያና ዴ ሄሱስ ዐፅም አለ። የኪቶ ልጅ ናት፤ በ1618 ተወልዳ በ1645 ዐረፈች። ከተማዋ በመሬት መንቀጥቀጥና በወረርሽኝ ስትመታ «እኔን ውሰድ፣ ሕዝቡን ማር» ብላ ጸለየች፤ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። በ1950 ቅድስት ተብላለች። ቤቷ ዛሬ ካርመን አልቶ የሚባል የሴቶች ገዳም ነው። መነኮሳይያቱ ከሰው አይተያዩም። ግድግዳው ላይ የሚሽከረከር የእንጨት መስኮት አለ። ገንዘብሽን ታስቀምጪያለሽ፣ ይዞራል፣ ጣፋጭ ይዞ ይመለሳል። ፊታቸውን አታዪም። ከውስጥ ግን ሰላምታ ይሰጡሻል።

ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው ላለው ጓደኛሽ ደግሞ ሳን ሁዋን ዴ ዲዮስ የሚባለውን አሮጌ ሆስፒታል አሳዪው። ከ1565 እስከ 1974 ድረስ በሽተኛ ሲያክም የኖረ ነው፤ ዛሬ የከተማው ሙዚየም ነው። ኤውሄኒዮ ኤስፔሆ ከዚህ ግቢ ጋር የተቆራኘ ሰው ነው። አባቱ የአገሬው ተወላጅ ነበር፤ እዚያው ሆስፒታል ይሠራ ነበር። ልጁ ሐኪም ሆነ። በ1785 ስለ ፈንጣጣ ጻፈ። በ1792 የኪቶን የመጀመሪያ ጋዜጣ አሳተመ። ሐሳቡ ለገዢዎቹ አልጣማቸውም፤ ታስሮ፣ ጤናው ተጎድቶ በ1795 ሞተ። ነሐሴ 10 ቀን 1809 የኪቶ ሰዎች የስፔንን ሹም ከሥልጣን አወረዱ። በዓመቱ ነሐሴ 2 ቀን 1810 የታሰሩት መሪዎች እስር ቤት ውስጥ ተጨፈጨፉ። ነፃነቱ የመጣው ግንቦት 24 ቀን 1822 ነው። የነፃነቱ ጦር መሪ ጄኔራል ሱክሬ እዚያው ከከተማዋ በላይ ፒቺንቻ ተራራ ላይ ስፔኖችን ድል አደረገ። መቃብሩ ካቴድራሉ ውስጥ ነው።

አሁን ስለ ጊዜው። ጉዟችሁ በእነሱ ሰሙነ ሕማማት ላይ ቢወድቅ ዕድለኞች ናችሁ። ፋሲካቸው አንዳንድ ዓመት ከእኛ ጋር ይገጥማል፣ አንዳንድ ዓመት ይለያያል፤ ቀን ስትቆርጡ እዩት። ረቡዕ ቀን ካቴድራሉ ውስጥ ካህናቱ በጣም ረጅም ጥቁር ካባ ለብሰው ከኋላቸው እየጎተቱ ይዞራሉ። ከዚያ ወለሉ ላይ ይደፋሉ። በላያቸው ቀይ መስቀል ያለበት ትልቅ ጥቁር ባንዲራ ይውለበለባል። አርብ ስቅለት ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ የሚነሳ ሰልፍ አለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሐምራዊ ልብስ ለብሰው፣ ፊታቸውን ሸፍነው፣ ሹል ቆብ ደፍተው ይወጣሉ። ብዙው ባዶ እግሩን ነው። ከባድ መስቀል የሚሸከም አለ። አለባበሱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ፤ የንስሐ ልብስ ነው፣ ፊት የሚሸፈነው ማን እንደሆነ እንዳይታወቅለት ነው።

በዚያ ሳምንት ቤቱ ሁሉ ፋኔስካ ይሠራል። 12 ዓይነት እህል የሚገባበት ወፍራም ሾርባ ነው፤ ለዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት። ባቄላ፣ አተር፣ ምስር፣ በቆሎ፣ ዱባ፣ ሌላም። እኔ ሳየው መጀመሪያ ትዝ ያለኝ የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን ነው። ግን ተጠንቀቁ። ፋኔስካ ውስጥ ወተትና የደረቀ ጨው ዓሣ አለ፤ ላዩ ላይ እንቁላልና አይብ ያደርጉበታል። ለእነሱ ከሥጋ መከልከል በቂ ጾም ነው። እናትሽ እየጾሙ ከሆነ አይሆናቸውም።

ለእሳቸው የሚሆን ግን አለ፤ እሱም መንገድ ዳር ነው። «ቾቾ» ብላችሁ ጠይቁ። ቾቾ ግብጦ ነው። የእኛው ግብጦ ዘመድ ነው፤ እንደ እኛው ቀናት ውሃ ውስጥ ካልተዘፈዘፈ መራራነቱ አይለቅም። እነሱ ከተቆላ በቆሎ ጋር ይቀላቅሉታል፤ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ሎሚ ይጨምሩበታል። ግብጦ ከበቆሎ ቆሎ ጋር ማለት ነው። አንዳንዱ ሻጭ የአሳማ ቆዳ ጥብስ ይጨምርበታል፤ ያለ እሱ እንዲሰጧችሁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። እናትሽ የጎጃም ሰው ከሆኑማ አገራቸው የገቡ ያህል ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ ገበያ ውስጥ ደግሞ የባህል መድኃኒት የሚያደርጉ እናቶች አሉ። በቅጠል እሽግ እየመቱ ሰውን «ያጸዳሉ»፤ ከቅጠሉ አንዱ ሳማ ነው። እናትሽ እንደማይፈልጉት እገምታለሁ፤ ግን በሩቁ ማየት አይከለከልም። አምስት መቶ ዓመት ስብከት ያላጠፋው ነገር እዚያ አለ፤ ያውም ከቤተ ክርስቲያኑ ብዙም ሳይርቅ።

አንድ የሚያሳስበኝን ልንገርሽ። አሮጌው ከተማ ነዋሪው እየሳሳ ነው። ቤቱ አሮጌ ነው፤ አብዛኛው በጭቃ ጡብ የተሠራ ስለሆነ ጥገናው ውድ ነው። ወጣቱ ወደ ሰሜኑ አዲስ ሰፈር ይሄዳል። የ1987ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ ጎዳ፤ ከዚያ በኋላ ከተማዋ ለጥገና የሚሆን ልዩ ፈንድ አቋቁማ ብዙ አዳነች። ግድግዳው ድኗል። ሰውን ማቆየት ግን ከግድግዳ ይከብዳል። ይህን በላሊበላም አይተነዋል። ስለዚህ እዚያ ስትሄዱ ማደሪያችሁንም ምግባችሁንም አሮጌው ከተማ ውስጥ አድርጉት። ኮፍያ የሚሠራውን፣ የፈውስ ቅጠል የምትሸጠውን፣ የሐውልት ጣት የሚጠግነውን ሰው ሱቅ ፈልጋችሁ ግቡ። ገንዘባቸው የአሜሪካ ዶላር ነው፣ ከ2000 ጀምሮ። ምንዛሬ አያስቸግራችሁም፤ ዝርዝር ብቻ ያዙ።

ስለ ጤናና ደኅንነት። የመጀመሪያው ቀን ምንም አትውጡ፣ አትውረዱ። እኔ ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ዳገት ወጣሁ፤ «የደጋ ልጅ ነኝ» ብዬ። ሌሊቱን ራሴን ይዤ አደርኩ። ሜሪላንድ ብዙ ዓመት የኖረ ሰው የደጋ ልጅነቱ አይረዳውም። እናትሽ የደም ግፊት ካላቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ያማክሩ። ኢኳዶር በቅርብ ዓመታት የጸጥታ ችግር ገጥሟታል፤ ከመሄዳችሁ በፊት የጉዞ ማሳሰቢያውን አንብቡ። ሲመሽ ባዶ መንገድ ላይ አትገኙ፣ ስልክ በእጅ አታንጠልጥሉ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ሜትሮ አለ፤ አንዱ ጣቢያ ሳን ፍራንሲስኮ አደባባይ ሥር ነው። ለእናትሽ ጉልበት ትልቅ እፎይታ ነው።

ከቦታው ሁሉ አንዱን ለአንቺ ብቻ ልመርጥልሽ። ባሲሊካ የሚባለው ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የቅኝ ግዛት ዘመን አይደለም፤ ሥራው የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ግን ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ አውሮፓ ቢሆን የጭራቅ ቅርጽ በሚቀመጥበት ቦታ፣ የኢኳዶር እንስሳት ተቀርጸዋል። ኤሊ፣ ኢጉዋና፣ ጦጣ። ማማው ላይ መውጣት ትችያለሽ፤ መሰላሉ ቀጥ ያለ ስለሆነ እናትሽ ከታች ይጠብቁሽ። ኤሊውንና ኢጉዋናውን በሳምንቱ በሕይወት ጋላፓጎስ ላይ ታገኚያቸዋለሽ።

ለእናትሽ ደግሞ አደራ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ማለዳ ቅዳሴ ሰዓት ይግቡ። ያኔ የሚገባው ሰው ለጸሎት ነው። ነጠላቸውን ይዘው ይሂዱ፤ ማንም አይገርመውም። ላ ኮምፓኒያ ውስጥ ፎቶ ማንሳቱን ተይው። ስልክሽን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺና አንድ ግድግዳ ምረጪ።